ካላዛር፦ የተሕዋሲው የካልሲየም ዝውውር፣ የመድኃኒቱ አሠራርና ከብቸናና ከሞጣ አካባቢ ለሚመጡ ተገልጋዮች የሚያስፈልግ መረጃ

ካላዛር ሌሽማንያ ዶኖቫኒ በተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋሲ የሚመጣ፣ ጉበትን፣ ጣፊያንና መቅኔን የሚያጠቃ፣ ካልታከመ በአብዛኛው ለሞት የሚያደርስ በሽታ ነው። ተሕዋሲውን የምታስተላልፈው ሴቷ የአሸዋ ዝንብ ናት። ይህች ዝንብ ከወባ ትንኝ በእጅጉ ታንሳለች፤ ስትበርር ድምፅ የላትም፤ የምትነክሰውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ታማሚዎች መቼና የት እንደተነከሱ አያውቁም።

በኢትዮጵያ በሽታው በሰፊው የሚታወቀው በመተማ፣ በአብደራፊና በሑመራ ቆላማ የእርሻ ቦታዎች እንዲሁም በደቡብ በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው ነው። የብቸናና የሞጣ ደጋና ወይና ደጋ ከእነዚህ ተርታ አይቆጠርም። ሆኖም ከምሥራቅ ጎጃም ወጣቶች በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቆላ ይወርዳሉ። ከብቸና የሚነሣ ሠራተኛ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል፤ ዓባይን ተሻግሮም የጎንደርን መንገድ ይይዛል። ከሞጣ በስተሰሜን ያለው ሕዝብ ደግሞ በእግር ሲሄድ በጥንቱ ሰባራ ድልድይ በኩል ወደ ደቡብ ጎንደር ይሻገራል። በሽታው የሚመለሰው በዚሁ መንገድ ነው። ከንክሻው እስከ መታመም ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ስለሆነ፣ በቆላ የተያዘ ሰው ትኩሳቱ የሚጀምረው አገሩ ገብቶ፣ የእርሻውንም ሥራ ከረሳ በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ታማሚው የሚሄድበት ጤና ጣቢያ ካላዛርን አዘውትሮ የሚያይ አይደለም።

መዘግየቱ ምን እንደሚያስከትል የሊቦ ከምከም ወረዳ ታሪክ ያስረዳል። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) በዚህ የደቡብ ጎንደር ወረዳ ካላዛር በወረርሽኝ መልክ መነሣቱ ታወቀ። ከዚያ በፊት ሕመሙ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር። ምርመራው እስኪደረግ ብዙ ሰው ሞቷል። በሽታው በአካባቢው ቀድሞ አይታወቅም ነበር፤ ወደ መተማና ሑመራ ለሥራ ሄደው የተመለሱ ሰዎች እንዳመጡት፣ ኋላም እዚያው በዝንቧ አማካይነት መተላለፍ እንደጀመረ ይታመናል። የወረዳው ዋና ከተማ አዲስ ዘመን የሚገኘው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ነው።

ምልክቶችና ምርመራ

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ (በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር እንደ ጠጣር ነገር የሚዳሰስ)፣ ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስና ድካም፣ አንዳንዴም የአፍንጫ መድማት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሕፃናት ላይ ከምግብ እጥረት ጋር ይመሳሰላል። የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው፣ ወይም የታይፎይድ ሕክምና ተሰጥቶት ትኩሳቱ የተመለሰበት ሰው በመተማ፣ በአብደራፊ፣ በሑመራ ወይም በሊቦ ከምከም አካባቢ አድሮ እንደሆነ ራሱ ለባለሙያው መናገር ይኖርበታል። ባለሙያው ላይጠይቅ ይችላልና። ይህች አንዲት ቃል ምርመራውን በሳምንታት ታፈጥነዋለች።

የመጀመሪያው ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ ሲሆን፣ ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ቀድሞ በካላዛር ታክሞ የዳነ ሰው ግን በዚህ ምርመራ ለረጅም ጊዜ በሽታው ያለበት መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ሕመሙ አገርሽቶ እንደሆነ ለማወቅ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የቀድሞ ሕክምናን መደበቅ ታማሚውን ራሱን ይጎዳል። ካላዛር የተገኘበት ሰው ሁሉ የኤችአይቪ ምርመራም ይደረግለታል፤ ይህ የሚሆነው በጥርጣሬ ወይም በነቀፋ ሳይሆን የሚሰጠው መድኃኒት በውጤቱ ስለሚለያይ ነው። ውጤቱም በምስጢር ይያዛል።

የተሕዋሲው ማይቶኮንድሪያና ካልሲየም

ተገልጋዮች መድኃኒቱ ለምን ይህን ያህል ቀን እንደሚወሰድ፣ ለምንስ ሲሻል እንደማይቋረጥ ደጋግመው ይጠይቃሉ። መልሱ የሚጀምረው ከተሕዋሲው ውስጣዊ አሠራር ነው።

ማይቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጭ ክፍል ነው። አንድ የሰው ሕዋስ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዱም ከዚያ የበለጡ ማይቶኮንድሪያ ሲኖሩት፣ ሌሽማንያና የቅርብ ዘመዱ ትሪፓኖሶማ ግን ያላቸው አንድ ብቻ ነው። ይህ አንዱ በተሕዋሲው ሰውነት ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሲሆን፣ ኪኔቶፕላስት የሚባል የተጠቀለለ የዘር ክምችት በውስጡ ይዟል። የሰው ሕዋስ ከብዙ ማመንጫዎቹ ጥቂቱ ቢበላሽ በቀሩት ይሠራል። ሌሽማንያ ምትክ የለውም።

ካልሲየም በሰው ዘንድ የሚታወቀው በአጥንትና በወተት ቢሆንም፣ በሕዋስ ውስጥ ያለው ዋና ተግባር መልእክት ማድረስ ነው። ሕዋሱ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን ነፃ ካልሲየም ከውጭ ካለው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል አሳንሶ ይይዛል፤ በሩን ለቅጽበት ከፍቶ ጥቂት ሲያስገባ ይህ እንደ ደወል ያገለግላል። ማይቶኮንድሪያም ደወሉን ይሰማል። ኃይል በሚያመነጭበት ጊዜ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ በኤሌክትሪክ አሉታዊ ስለሚሆን፣ አዎንታዊ ሙሌት ያለውን ካልሲየም ወደ ውስጥ ይስበዋል። ካልሲየሙ የሚገባው ዩኒፖርተር በሚባል ልዩ መተላለፊያ በኩል ነው። በልክ ሲገባ የኃይል ምርቱን ያፋጥናል። ከልክ ሲያልፍ የኤሌክትሪክ ልዩነቱ ይወድቃል፣ ምርቱ ይቆማል፣ ሕዋሱም ይሞታል።

የዚህ ዕውቀት ታሪክ ለችላ የተባሉ በሽታዎች ክብር የሚሰጥ ነው። ማይቶኮንድሪያ ካልሲየም እንደሚስብ በእንስሳት ሕዋስ የታወቀው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ መተላለፊያውን የሚሠራው ዘረመል ግን ለሃምሳ ዓመት ያህል ሳይገኝ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሮቤርቶ ዶካምፖና አኒባል ቬርሴሲ በላቲን አሜሪካ የቻጋስን በሽታ የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ ክሩዚ ማይቶኮንድሪያ ካልሲየምን እንደ ሰው ሕዋስ እንደሚስብ አሳዩ፤ በ1992 ደግሞ ይህንኑ በካላዛር አምጪው በሌሽማንያ ዶኖቫኒ ላይ አረጋገጡ። እርሾ ይህን ማድረግ አይችልም። ስለዚህ በሰውና በእነዚህ ተሕዋሲያን የሚገኝ፣ በእርሾ ግን የሌለ ዘረመል ቢፈለግ የመተላለፊያው አካል ሊሆን ይገባል ማለት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ፍንጭ ተከትለው በ2010 የበሩን ጠባቂ፣ በ2011 መተላለፊያውን ራሱን አገኙ። የድሆች በሽታ የሚባለው ተሕዋሲ የሰውን ልብና ጡንቻ አሠራር ለማወቅ ቁልፍ ሆነ። በ2013 የወጣ ጥናትም የእንቅልፍ በሽታ አምጪ በሆነው ትሪፓኖሶማ ብሩሲ ውስጥ ዩኒፖርተሩ ሲዳከም ተሕዋሲው የኃይል እጥረት እንደሚገጥመውና ዕድገቱ እንደሚቀንስ አሳየ።

እስካሁን ዩኒፖርተሩን በቀጥታ በመዝጋት ካላዛርን ለማከም የዋለ መድኃኒት የለም። ሰውም ይህንኑ መተላለፊያ ስለሚጠቀም፣ የተሕዋሲውን ብቻ ለይቶ መምታት ቀላል አይደለም። የወባ ተሕዋሲ ደግሞ የዩኒፖርተሩ ዘረመል ጭራሽ የለውም፤ ወባና ካላዛር በትኩሳት ቢመሳሰሉም በመድኃኒት የማይገናኙበት አንዱ ምክንያት የተሕዋሲያኑ ውስጣዊ አሠራር ይህን ያህል የተለያየ መሆኑ ነው።

ሚልቴፎሲን፦ ካልሲየምን በተሕዋሲው ላይ የሚያዞር መድኃኒት

ሚልቴፎሲን መጀመሪያ ለካንሰር ተብሎ የተጠና፣ ኋላ ካላዛርን በአፍ በሚዋጥ ክኒን ለማከም የዋለ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። በርካታ የአሠራር መንገዶች እንዳሉት ይታወቃል፤ ከእነዚህ አንዱ ካልሲየምን የሚመለከት ነው። መድኃኒቱ በተሕዋሲው የውጭ ሽፋን ላይ ያለውን የካልሲየም በር ይከፍተዋል። ካልሲየም ያለ ልክ ይገባል፤ ተሕዋሲው ካልሲየም የሚያከማችባቸው አሲዶካልሲሶም የተባሉ ከረጢቶችም ይታወካሉ፤ በመጨረሻም የብቸኛው ማይቶኮንድሪያ የኤሌክትሪክ ልዩነት ይወድቃል። ፔንታሚዲን የተባለው ሌላው መድኃኒትም የሌሽማንያን ማይቶኮንድሪያ እንደሚያውክ በ1992ቱ ጥናት ታይቷል፤ በኢትዮጵያም ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ካላዛር እንዳያገረሽ በየወሩ እየተሰጠ ተጠንቷል።

ሚልቴፎሲን ተሕዋሲውን የሚገድለው ወደ ውስጡ ሲገባ ነው፤ የሚያስገባውም በሽፋኑ ላይ ያለ ሌላ አጓጓዥ ነው። አጓጓዡ በዘር ለውጥ የተበላሸበት ተሕዋሲ መድኃኒቱን አያስገባም፣ አይሞትምም። ታማሚው ትኩሳቱ ሲበርድለት ክኒኑን ቢያቋርጥ፣ ወይም ለታመመ ወንድሙ ግማሹን ቢያካፍል፣ በሁለቱም ሰው አካል ውስጥ የሚቀረው መድኃኒት ደካሞቹን ገድሎ ጠንካሮቹን ያተርፋል። ሚልቴፎሲን ከደም የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ ይህ ሁኔታ ለሳምንታት ይቀጥላል። ለወንድም ማዘን ተገቢ ነው፤ የሚጠቅመው ግን ወንድምየውን ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ይኸው ቀስ ብሎ መውጣቱ ሴቶችን በተለይ ይመለከታል። ሚልቴፎሲን ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። መውለድ በምትችልበት ዕድሜ ያለች ሴት መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት የእርግዝና ምርመራ ይደረግላታል፤ በሕክምናው ጊዜና ካበቃ በኋላም ለ5 ወር እርግዝናን መከላከል፣ በዚሁ ጊዜ ጡት አለማጥባት ይኖርባታል። መድኃኒቱ ማስመለስና ተቅማጥ ስለሚያመጣ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ብቻውን አስተማማኝ አይሆንም፤ በመርፌ የሚሰጠው ይመረጣል። ባልና ሚስት ይህን አብረው ቢሰሙት የተሻለ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ሐሳቡ ለሴቲቱ ብቻ ሲተው መዘናጋት ይፈጠራልና።

ክኒኑ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ማስመለሱ ይበረታል። በጾም ወቅት የሚታከሙ ምእመናን ይህን ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው መነጋገር ይችላሉ። ጸበል የሚጠመቁም ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ እንዲጠመቁ ይመከራል። ዓይን ቢቀላ፣ ቢያም ወይም ዕይታ ቢደበዝዝ ሳይውል ሳያድር ለባለሙያ መንገር ያስፈልጋል።

ከካልሲየም ጋር በተያያዘ የሚነሣ አንድ ስሕተት አለ። ወተት፣ አይብና እርጎ ተሕዋሲውን አይመግቡትም፤ መተዋቸውም አያስርበውም። በደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን የሚወስነው ሰውነት ራሱ እንጂ የዕለቱ ምግብ አይደለም። የካልሲየም ክኒን ገዝቶ መዋጥም ለካላዛር ሕክምና አይሆንም። ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ የከሳና ደሙ ያነሰ ስለሆነ፣ ያገኘውን ገንቢ ምግብ ሁሉ መመገብ ይጠቅመዋል።

የሕክምናው ዓይነትና የአገልግሎት አሰጣጥ

ሚልቴፎሲን ለሁሉም ታማሚ የሚሰጥ አይደለም። በኢትዮጵያ ኤችአይቪ የሌለበት ታማሚ መደበኛ ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉ ሁለት መርፌዎች በየቀኑ ለ17 ቀን መውሰድ ነው። የመጀመሪያው ልብንና ቆሽትን ሊያውክ፣ ሁለተኛው የመስማት ችሎታን ሊነካ ስለሚችል በጤና ተቋም ክትትል ሥር ይሰጣል። ለነፍሰ ጡሮች፣ በዕድሜ ለገፉና በጠና ለታመሙ አምቢዞም የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ይመረጣል።

ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች አምቢዞም ከ28 ቀን ሚልቴፎሲን ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ይህን ጥምረት የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል፤ ምክሩ የተመሠረተበት ሙከራ የተካሄደውም እዚሁ ኢትዮጵያ፣ በጎንደርና በአብደራፊ ነው። የፓሮሞማይሲን መርፌንና ሚልቴፎሲንን አጣምሮ ሕክምናውን ወደ 14 ቀን ያሳጠረ ሙከራም ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ተካሂዶ ውጤቱ በ2022 ወጥቷል። የትኛው ሕክምና እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

አገልግሎቱ የሚጀምረው በቅርብ ካለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በብቸና ወይም በሞጣ ሆስፒታል፣ እንደ ሁኔታውም በደብረ ማርቆስ ታይቶ፣ ካላዛር ከተጠረጠረና በቦታው ምርመራው ወይም መድኃኒቱ ከሌለ ወደ ሕክምና ማዕከል ይላካል። በክልሉ የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው ማዕከል በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል። ታማሚው የመላኪያ ወረቀቱን፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደብተሩን ካለው፣ ቀድሞ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ካርድ ወይም ባዶ ማሸጊያ ይዞ ቢሄድ ሥራው ይቀላል። የካላዛር መድኃኒቶች በመንግሥት ሕክምና ማዕከላት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። መድኃኒቱ ነፃ ቢሆንም ለሳምንታት ከቤት መራቅን ስለሚጠይቅ፣ ለአስታማሚ ስንቅና ለመጓጓዣ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ብዙ ታማሚ ሕክምናውን ሳይጨርስ የሚመለሰው መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን ስንቅ አልቆበት ነው።

ቁንጭር፣ ወባና ገንዲ

በደጋና በወይና ደጋ ገደላማ ቦታዎች፣ ሽኮኮ በሚኖርባቸው ዋሻዎችና ቋጥኞች አጠገብ ሌላ የሌሽማንያ ዓይነት ይገኛል፤ ሌሽማንያ ኢትዮፒካ ይባላል። ይህ በዋናነት ቆዳን የሚያጠቃ ሲሆን በአማርኛ ቁንጭር ተብሎ ይታወቃል። አይገድልም፤ ነገር ግን ፊትን ያበላሻል፤ በተለይ ልጃገረዶችን ለማኅበራዊ መገለል ይዳርጋል። ከወራት በላይ ያልዳነ የፊት ቁስል ያለበት ሰው በእሳት ወይም በአሲድ ከማቃጠል ተቆጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ቁንጭር ወደ ካላዛር አይለወጥም።

በዓባይ በረሃ የሚያድር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠረጥር የሚገባው ወባን ነው፤ የወባ ምርመራው ነፃ ሆኖ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ግን ካላዛር ይታሰባል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። በቆላ ከብቶችን የሚያከሳው ገንዲ የሚመጣው የሌሽማንያ ዘመድ በሆኑ ትሪፓኖሶማዎች ነው። የእነርሱም ማይቶኮንድሪያ አንድ ብቻ ነው። በከብት ላይ ገንዲን የሚያመጡት የተለመዱት ዝርያዎች ሰውን አይይዙም። የከብት መድኃኒት ለሰው ካላዛር አይሰጥም፤ አደገኛ ነው።

ወደ ቆላ ለሚወርዱ ሠራተኞች

የአሸዋ ዝንቧ የምትበዛው በሚሰነጣጠቅ መረሬ አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ ነው። በሑመራና በሊቦ ከምከም የተደረጉ ጥናቶች ሌሊት ደጅ፣ በተለይም በግራር ሥር መተኛት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳይተዋል። ቀን በግራር ጥላ ማረፍና ሌሊት በሥሩ መተኛት አንድ አይደሉም። ዝንቧ በተራ አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ ስለምትችል በኬሚካል የተነከረ አጎበር ያስፈልጋል። ሰብል ለመጠበቅ ደጅ የሚያድሩ ሰዎች አጎበሩን ከማደሪያቸው ጋር ይዘው ቢንቀሳቀሱ፣ ረጅም እጅጌና ሱሪ ቢለብሱ ንክሻው ይቀንሳል። አሠሪዎችም ለሠራተኞቻቸው አጎበርና ከግራር የራቀ ማደሪያ ቢያዘጋጁ፣ የታመመውን ደመወዙን ከፍለው በጊዜ ቢያሰናብቱ የብዙዎች ሕይወት ይተርፋል።

ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ከ6 ወር በኋላ ለክትትል መቅረብ ይኖርበታል። ትኩሳቱ ቢመለስ፣ ጣፊያው ዳግም ቢያብጥ ወይም በፊቱና በእጁ ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ወይም እብጠቶች ቢወጡ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ፣ የሕክምና ማስረጃውን ይዞ በብቸና ወይም በሞጣ ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ይችላል።